የእንጨቷ መኪናና የበር ደወሉ

በ1953 እ.ኤ.አ. ነው፤ ካሊፎርኒያ፣ ማንሃተን ቢች። የስካውት መሪው ዶናልድ መርፊ ልጁ ተቀምጠው ለሚነዱት የሳጥን መኪና ውድድር ዕድሜው አልደረሰም። አባት ምን አደረገ? ከጥድ የምትጠረብ፣ ሞተር የሌላት፣ ቁልቁለት የሚነዳት ትንሽ መኪና አሰበ። መሮጫው 31 ጫማ፤ አሸናፊውን የሚለየው ደግሞ ከበር ደወል የተሠራ መሣሪያ! (እኛ ሰፈር ቢሆን ዳኛው ጮክ ብሎ የሚጮኸው ልጅ ነበር።)

የመርፊ ሐሳብ አባትና ልጅ አብረው እንዲሠሩ ነበር። ዛሬ ግን ስንቱ አባት ራሱ ጠርቦ፣ ራሱ ቀብቶ ልጁን ተመልካች ያደርገዋል! እኔ መኪናዋን ለልጄ ትቼ፣ ጋራዥ ውስጥ በጣውላ መሞከሪያ መሮጫ ሠራሁለት። የተፈቀደው ክብደት 5 አውንስ ነው፣ 142 ግራም ገደማ። ብረቷን ከፊት ለጥፎ ለቀቃት፤ ከኋላ አድርጎ ደገመ። የኋላው ፈጠነ። «ለምን?» አለኝ። መነሻው ላይ የመኪናዋ ኋላ ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው፤ ክብደቱ ብዙ ይወርዳል። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እምቅ ኃይልን አልረሳችሁም አይደል?