ደሴት ለደሴት

በወሎ፣ ከወግዲ አፋፍ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚያይ ሰው አባይ ከበረሃው ግርጌ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ውሃው ባሕር ዳር ላይ ከጣና ወጥቶ፣ ገደል ለገደል ተጉዞ የመጣ ነው። እዚህ ሲደርስ ለጀልባ አይመችም፤ ድንጋዩና አዞው አይፈቅዱም። ስለ ባሕር ጉዞ የሚናገር ቃል ከዚህ አፋፍ ሩቅ ይመስላል። ለቃሉ የመረጥኩት አማርኛ ግን ከዚሁ አገር አነጋገር የተገኘ ነው።

ቃሉ ክሩዚንግ ይባላል። በሸራ ጀልባ ከደሴት ወደ ደሴት መጓዝ፣ ጀልባዋን ቤት አድርጎ ማደር፣ በደረሱበት መልህቅ ጥሎ መውረድ፣ አገሩን በእግር ማየት፣ ከዚያም ነፋስ ሲመች ወደሚቀጥለው ማለፍ ማለት ነው። በሺህ የሚቆጠር መንገደኛ የሚጭኑት ትልልቅ መርከቦችም በዚህ ስም ይጠራሉ፤ እዚህ የምናወራው ግን ጥቂት ሰዎች ራሳቸው ስለሚነዷት ትንሽ ጀልባ ነው።

የቃሉ ሥር ደች ነው፤ መስቀል ከሚለው ቃል ወጥቶ በባሕር ላይ ወዲያ ወዲህ እያቋረጡ መመላለስን ያመለክት ነበር። ለምን መመላለስ? ሸራ ነፋስን ፊት ለፊት መውጣት ስለማይችል ነው። ጀልባዋ ከነፋሱ መምጫ 45 ዲግሪ ግድም ወደ አንድ ጎን ትሄዳለች፣ ትዞራለች፣ በሌላው ጎን ትመለሳለች። ከአባይ በረሃ የወጣ ሰው ይህን ለመረዳት ሥዕል አያስፈልገውም። ዳገቱን ቀጥ ብሎ የሚወጣው የለም፤ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ወደ ቀኝ ይመለሳል፣ እግር ብዙ ይረግጣል፣ ከፍታው ግን ጥቂት በጥቂት ይገኛል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ግድም ለምትሄድ ጀልባ እንዲህ ያለው ምልልስ የግማሽ ቀኑን መንገድ የቀን ሊያደርገው ይችላል።

ወቅትም አለው። ከሴንት ቪንሰንት እስከ ግሬናዳ በተዘረጉት የካሪቢያን ደሴቶች ተጓዦች የሚበዙት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ነው። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ኅዳር 21 ያለው ጊዜ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነውና ጠንቃቃ ካፒቴን ይሸሻል፤ ክረምት ሲገባ የአባይ መሻገሪያ እንደሚፈራው ሁሉ።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ሽርሽር» አይበቃም፤ ሽርሽር ወጥቶ ማታ የሚገቡበት ነው። «ዙረት» ሥራ ፈትነትን ያሰማል፤ ይህ ደግሞ ሌሊት ተነሥቶ መልህቅ መፈተሽ ያለበት ሥራ ነው። «የባሕር ጉዞ» ቢባል መውረዱ ይቀራል። እኔ የምመርጠው «ደሴት ለደሴት» ነው። ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ደጃፉን ዐይቶ አያልፍም፤ በእያንዳንዱ ይቆማል፣ ይጣራል፣ ይገባል። «ለ» የምትለው አንዲት ፊደል መንገዱንም ማረፊያውንም አብራ ትይዛለች። ጉዞው «ደሴት ለደሴት ጉዞ»፣ ሰዎቹ «ደሴት ለደሴት ተጓዦች» ይሆናሉ።

መጣራቱ በባሕርም አለ። የአገሬ ሰው ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ «ግባ» ሳይባል አይገባም። ከውጭ አገር የመጣች ጀልባም ወደቡ ስትደርስ ቢጫ ባንዲራ ትሰቅላለች። «በውስጤ በሽታ የለም፤ ፈቃድ እጠይቃለሁ» ማለት ነው። ካፒቴኑ ብቻውን ወረቀቱን ይዞ ይወርዳል፤ ሌሎቹ ፈቃድ እስኪገኝ ጀልባዋ ላይ ይቆያሉ። ሲፈቀድ ቢጫው ይወርድና የባለአገሩ ባንዲራ በክብር ይሰቀላል። ከዚህ ጉዞ ሁሉ ደስ የሚለኝ ይህ ሥርዓት ነው።

ደሴት ለደሴት መሄድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሞቃታማ ደሴት ሲባል ኮኮናት ቢታሰብም፣ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለው ጣና በምድር ወገብና በ23.5 ዲግሪ መካከል ባለው የትሮፒክ ቀበቶ ውስጥ ነው፤ ደሴቶቹም ከ30 በላይ ናቸው። በእ.ኤ.አ. 1920ዎቹና 30ዎቹ ዳንግላ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ሜጀር ቺዝማን በታንኳ እየተሳፈረ ደሴቶቹን ጎብኝቶ፣ ስለ ጣናና ስለ አባይ የጻፈውን መጽሐፍ በ1936 አሳትሟል። ታንኳ ሸራ የለውም፤ ከደንገል ተጠፍሮ በቀዛፊ ክንድ ይሄዳል፣ ውሃ ሲጠጣም ከብዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሞገዱን ስለሚያስነሣ ቀዛፊ ማልዶ ይነሣል። ልብ ያለው ሰው ከደቅ ደሴት ጎን ወርዶ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ያያል። በዳጋ እስጢፋኖስና በክብራን ገብርኤል ደግሞ ሴት አትገባም፤ የደሴቱ ባለቤት ሕግ ነው፤ ቢጫው ባንዲራ የሚጠብቀውም እንዲህ ያለውን ነው።

በወሎ ምድርም አንድ ደሴት ነበረች። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳማቸውን ያቀኑባት ሐይቅ እስጢፋኖስ ያኔ በውሃ የተከበበች ነበረች። ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዛለች፤ ወደ ገዳሙ የሚሄድ ሰው መልህቅም ቀዛፊም አይሻም፣ በእግሩ ይደርሳል።