የካዛንቺስ ስምና የጦርነቱ ሒሳብ
ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቢገቡም ጎንደር የመሸገው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነበር።

እስከዚያ ስንት ሰው አለቀ? መንግሥታችን ለፓሪሱ የሰላም ጉባዔ ያቀረበው ቁጥር 760,300 ነው። የካቲት 12ን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ 30,000 ተብሎ ተመዝግቧል። እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን ሌላው መስመር ነው፦ መንደራቸው ተቃጥሎ በረሃብና በእንግልት ያለቁ 300,000 ሰዎች። በጦር ሜዳ ከወደቁት 275,000 ይበልጣሉ። (ቁጥሩ እንዲህ መጠጋጋቱ በየመንደሩ ቆጣሪ እንዳልነበረ ይናገራል።)

የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ጣሊያን 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። በኋላ በድርድር ተቀነሰና ገንዘቡ ለቆቃ ግድብ ዋለ።