ዕቃው ወደ ቤት ይመለስ ነበር

ዛሬ ጠዋት ልጆቻችሁን ወደ ትምህርት ቤት ስትሸኙ፣ እናንተም ወደ ሥራችሁ ስትወጡ ምሳውን በምን አሰራችሁት? እንጀራው በአንድ ፌስታል፣ ወጡ በሌላ ፌስታል፣ ውኃው በሃይላንድ ከሆነ አንድ ጥያቄ ላስከትል። ምሳው በቀትር ይበላል፤ የታሰረበትስ ዕቃ ማታ የት ያድራል?

ጥያቄው ተራ ይመስላል። ነገር ግን አባቶቻችንና እናቶቻችን አንድ መልስ ነበራቸው፤ ዕቃው ወደ ቤት ይመለሳል ይሉ ነበር። ይህ መልስ ከመካከላችን እንዴት እንደጠፋ ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልገናል።

የሀገራችን መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ ስንቁን ይዞ ነው። በሶው በስልቻ፣ ቆሎውና ዳቦ ቆሎው በአቁማዳ፣ ውኃው በቅል ይያዛል። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊት የተጓዘው እንዲህ ያለ ስንቅ ተሸክሞ ነው። በወሎ ከአንዱ ሸህ ወደ ሌላው ሸህ ኪታብ ፍለጋ በእግሩ የሚጓዘው ደረሳም እንዲሁ ነበር። እንጀራ በወጥ ለመያዝ ደግሞ አገልግል አለ። ሴቶች በአክርማ ይሰፉታል፤ ከዚያ በኋላ ከውጭ ቆዳ ይለበሳል፤ ክዳኑ በጠፍር ይታሰራል፤ ማንገቻም ይበጅለታል። ከውስጥ እንጀራው ይነጠፋል፤ ወጡ በላዩ ይደረጋል። መንገደኛው ሲቀመጥ ሳህኑም ማንኪያውም ያው እንጀራው ነው። በልቶ ሲጨርስ በሜዳው ላይ የሚቀር ነገር የለም፤ አገልግሉ ተመልሶ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል።

የድሮው የአራዳ ገበያም ከዚህ አልራቀም። ቅቤው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር፤ ቅጠሉ ሲጣል ከብት ይበላዋል፣ አለዚያም አፈር ይሆናል። ሸማቹ ዕቃውን የሚይዘው በዘንቢል ነው። ዘንቢል የሚለው ቃል በዐረብኛም ያለ ነው። ከዚህ ላይ ስለ ሌላ የዐረብኛ ቃል ላንሳ። ዛሬ «ሱፍራ» ሲባል የተዘረጋ ማዕድ ይታሰበናል። የቃሉ ጥንተ ትርጉም ግን ለመንገደኛ የሚዘጋጅ ስንቅ ነው፤ በኋላም ስንቁ የሚቋጠርበት ቆዳ በዚሁ ስም ተጠራ። ቆዳው ሲፈታ ማዕድ ይሆናል፤ ሲቋጠር ስንቅ መያዣ ይሆናል። በሂጅራ ጊዜ የአቡበክር ልጅ አስማእ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እና ለአባቷ ስንቅ ስታዘጋጅ ማሰሪያ ብታጣ መቀነቷን ለሁለት ቀዳ አሰረችው። በዚህም «ዛቱ ኒጣቀይን» ማለትም የሁለት መቀነቶች ባለቤት ተባለች። ስንቅ ማሰር የማይረባ ሥራ ቢሆን ኖሮ የአንዲት ሴት የክብር ስም ባልሆነ ነበር።

ወደ አራዳችን እንመለስ። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የባሕር ማዶ ሸቀጥ በብዛት ይገባ ጀመር። ሕንዱ፣ የመኑ፣ አርመኑና ግሪኩ በአራዳ ሱቅ ነበረው፤ የመሐመድ አሊን የሕንድ ንግድ ቤት ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ያነሱታል። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን ትልቁን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወረው። ፒያሳ የሚለው ስምም ከእርሱ ቋንቋ ቀረ። ከነፃነት በኋላ ፒያሳ የሱቅ፣ የቢሮና የትምህርት ቤት መንደር ሆነች። የጸሐፊው፣ የልብስ ሰፊውና የወርቅ ሠሪው ምሳም ከአገልግል ወጥቶ በብረትና በአልሙኒየም ምሳ ዕቃ ገባ። ዕቃው ተለወጠ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም፤ ምሳ ዕቃውም እንደ አገልግሉ ወደ ቤት ይመለስ ነበር።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። በሕንድ አገር በሙምባይ ከተማ ከ1880ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ እስከ አሁን ምሳ አመላላሾች አሉ። የሠራተኛውን ምሳ በየቤቱ ተቀብለው በየቢሮው ያደርሳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባዶውን ዕቃ ወደየቤቱ ይመልሳሉ። የሥራቸው ግማሹ ማድረስ፣ ግማሹ መመለስ ነው።

እኔም በልጅነቴ እንዲህ ያለ ምሳ አመላላሽ ነበርኩ። አባቴ (አላህ ይዘንላቸው) ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቤታችን ቅርብ በመሆኑ ከትምህርት ቤት በቀትር ስመለስ እናቴ ባለ ሦስት ድርቡን ምሳ ዕቃ ታስይዘኛለች። ከታች ወጡ፣ ከመካከል እንጀራው፣ ከላይ የተገኘው ቅንጬ ወይም ድንች ይሆናል። ዕቃው ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር እንዳይምታታ ታችኛው ላይ በምስማር ምልክት ተጭሮበታል። ማታ አባቴ ሲገቡ የእናቴ የመጀመሪያ ጥያቄ «ዕቃው ገባ?» የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ ለብረቱ የምትሳሳ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሰሞን ምሳ ዕቃው ሦስት ቀን ተከታትሎ ሳይነካ ተመለሰ ማለት ይቻላል። አባቴ ምንም አላሉም፤ እንደወትሮው ሥራ ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ። በአራተኛው ቀን እናቴ ምሳ አልሠራችም፤ ነጠላዋን ለብሳ አባቴን ይዛ ሐኪም ቤት ሄደች። ሆዳቸውን ታመው ኖሮ ታክመው ዳኑ። ያን ዕለት ገባኝ። ለካ እናቴ ዕቃውን ስትጠይቅ የኖረችው ሰውየውን ነው። የሚመለስ ዕቃ ወሬ ይዞ ይመለሳል፤ በልቷል፣ አልበላም፣ በዝቶበታል፣ አንሶታል ይላል።

ውድ አንባቢያን! ፌስታል ግን ወሬ አይመልስም። ዛሬ በማስተምርበት መድረሳ አንዳንድ ቀን የቆሻሻ ቅርጫቱን ስመለከት፣ አፉ እንደተቋጠረ ያልተፈታ ፌስታል ከነእንጀራው አገኛለሁ። እናት ልጄ በልቷል ብላ ታድራለች። ልጁ ወጡ ፈስሶ እንጀራውን አበስብሶት ተጸይፎታል፤ ወይም በጓደኞቹ ፊት አፍሮበታል። ዕቃው ስላልተመለሰ እናት የምታውቀው ነገር የለም፤ በማግስቱም ያንኑ ታስራለች። ኢስራፍ የምንለው ብክነት ከዚህ ይጀምራል። በድሮው ቤት ግን ያልተበላው እንጀራ ተመልሶ ማታ ፍርፍር፣ ቢተርፍም ደርቆ ድርቆሽ ይሆን ነበር።

ፌስታል በከተማችን የበዛው ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ አይታጠብም። የሃይላንዱን ኮዳ እንኳ ቆራሌው ይገዛዋል፤ ዘይትና ጋዝ ይያዝበታል። ወጥ የነካውን ፌስታል ግን የሚገዛ የለም። መንግሥት በ1999 ዓ.ም. ባወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከለከለ። ይሁን እንጂ በየሱቁ ሲሰጥ ኖረ።

ታዲያ ማታ የት ያድራል ወዳልነው ጥያቄ ደረስን። ለአምሳ ዓመታት ያህል የከተማችን ቆሻሻ ያደረው ረጲ፣ ቆሼ በምንለው ስፍራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ያ ክምር ተንዶ በሥሩ ቤት ሠርተው በሚኖሩ ሰዎች ላይ ወደቀ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የምሳ ፌስታል ብቻውን ክምሩን ናደው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ያ ተራራ ከሰማይ አልወረደም፤ እያንዳንዱ ቤት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጨምሮበት ያደገ ነው። እኛ «ጣልነው» ያልነው ነገር ሁሉ ከሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ እዚያው አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመርቋል፤ ሆኖም ከሁሉ የሚሻለው ቆሻሻ ከመጀመሪያው ያልወጣው ነው።

ይህን ዛሬ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የፒያሳ መንደሮች ለከተማው ልማት ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውሯል። ትናንት በቀትር ቤቱ ገብቶ ይበላ የነበረው ሠራተኛ ዛሬ ሁለት ታክሲ ይዞ ነው የሚመጣው። ምሳ መቋጠር ያላስፈለገው ሰው ሁሉ አሁን ይቋጥራል። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ በመኖሩ ለብዙ ልጆች ቀሎላቸዋል፤ በግል ትምህርት ቤትና በመድረሳ የሚውለው ልጅ፣ በሥራ የሚውለው አባትና እናት ግን ይቀራሉ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ፌስታልን ፈጽሞ ከልክሏል። ሆኖም ከአዋጁ በፊት የነበረን ልማድ እንደነበረን ብናስታውስ ይበጃል።

የሚጠበቅብንም ከባድ አይደለም። ክዳኑ የሚገጥም አንድ ምሳ ዕቃ፣ እንጀራው የሚጠቀለልበት አንድ ንጹሕ ጨርቅ፣ የሚታጠብ አንድ ኮዳ ይበቃል። ወጡ ወፈር ይበል፤ ከእንጀራው ይለይ፤ ፍርፍር ከሆነማ ጭራሽ አይፈስም። የልጁ ስም በዕቃው ላይ ይጻፍበት። አዲስ መግዛትም አያሻም፤ በየቁም ሣጥኑ ውስጥ የአያቶቻችን ምሳ ዕቃ ተጎድቶም ቢሆን አለ።

ማታ ልጃችሁ ሲገባ ደብተሩን ከማየታችሁ በፊት «ዕቃው ገባ?» ብላችሁ ጠይቁት። ክዳኑንም ራሳችሁ ክፈቱት።