አበባው ውብ ነው፤ ካዎ ጦናስ?

መቼም አደይ ፈንድቶ ቤት መቀመጥ አይሆንልንም፡፡ ቢጠና አድገን ሶዶ የተማርን ጓደኛሞች ነን፤ የጊፋታ በዓል እንዳለፈ ተጠራርተን አዲስ አበባ ገባንና አንድነት ፓርክን ጎበኘን፡፡ ፓርኩ የተሠራው በታላቁ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው፡፡ ለብዙ ዘመን ተራው ሰው የሚያውቀው አጥሩን ብቻ ነበር፤ ታድሶ ለሕዝብ የተከፈተው በመስከረም 2012 ዓ.ም. ነው፡፡

እውነቱን እንናገር፣ ያምራል፡፡ አትክልቱ፣ ያረጁት ዛፎች፣ እንቁላል ቤት የሚባለው የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ፣ ሁሉም ደስ ይላል፡፡ ግን እናንተዬ፣ ሺዎች ማዕድ የሚቀርቡበት የነበረው ግብር አዳራሽ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን፡፡ ለካስ ሁላችንም የምናስበው አንድ ሰው ነበር፤ የወላይታው የመጨረሻ ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ፡፡

መጸው የአበባ ወቅት ብቻ አይደለም፡፡ ድሮ ክረምት ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ ወንዙ ሲጎድል፣ ጦር የሚዘምተውም ያኔ ነው፡፡ ከዚያ በፊት የተላኩት ጦሮች ወላይታን ማስገበር ስላቃታቸው፣ በ1887 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዘመቱ፡፡ የጅማው አባ ጅፋርም ጦራቸውን ይዘው ተከተሉ፡፡ ጦርና ጋሻ የያዘው የወላይታ ሰው ጠመንጃ ከታጠቀው ጋር ገጠመ፡፡ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ሴቱና ልጁ ከከብቱ ጋር ተነዳ፡፡ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩና ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ፡፡ ይህ የእኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ ዘመቻውን ተከትሎ የሄደው ፈረንሳዊ ቫንደርሄይም ያየውን ጽፎ በ1896 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል፡፡

ከ15 ወር ገደማ በኋላ፣ የካቲት 1888 ዓ.ም.፣ እኚሁ ንጉሠ ነገሥት አድዋ ላይ ጣልያንን ድል ነሱ፡፡ እኛም በአድዋ እንኮራለን፡፡ የምንኮራበትና የምናዝንበት ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ግቢ መሆኑ ነው የከበደን፡፡ ግን አንዱን ለማክበር ሌላውን መደበቅ ምን ይጠቅማል?

ጣሪያው ታድሷል፣ ሣሩ ተከርክሟል፡፡ ትዝታውም መታደስ አለበት እንላለን፡፡ እናንተም ወደዚያ ግቢ ከዘለቃችሁ አበባውን ፎቶ አንሱ፣ አንበሳውንም እዩ፤ ከዚያ ግን «ካዎ ጦና በየት በኩል ገቡ?» ብላችሁ ጠይቁ፡፡ ጠያቂ ሲበዛ መላሽ አይጠፋም፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡