ስለ ግሥ አነባበብ

ፊደል የድምፅ ሥዕል ነው፤ ነገር ግን ሥዕል ሁሉ ባለቤቱን በሙሉ አይገልጽም። ይህም ጕድለት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በግሥ ላይ ነው፤ ሠሪው ማን እንደ ሆነ፥ ሥራውም በማን ላይ እንደ ወደቀ የሚነግረን ግሥ ነውና።

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ፈረንሳይኛም የጣቢያና የንግድ ቋንቋ ሆኖ አብሮ ገባ። በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ከፍ ያለ ስፍራ ነበረው። ነጻነት ከተመለሰበት ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ግን ስፍራውን ለእንግሊዝኛ ለቀቀ።

በሀ ሁ ገበታ ያደገ ተማሪ ፈረንሳይኛን ሲጀምር አስቀድሞ የሚደነቀው በግሡ ነው። እናገራለሁ፥ ትናገራለህ፥ ይናገራል፥ ይናገራሉ የሚሉት አራቱ፥ በጽሕፈት ሦስት ዐይነት መድረሻ ሲኖራቸው፥ በንባብ ግሡ ‹ፓርል› ብቻ ነው፤ ይኸውም አንድ ክፍለ ቃል ነው። እንናገራለን ሲል ግን ‹ፓር-ሎን›፥ ትናገራላችሁ ሲል ‹ፓር-ሌ› ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ደግሞም ይወዳል ‹ኢ-ሌም›፥ ይወዳሉ ‹ኢል-ዜም› ይባላል፤ ብዙነቱን ያስታወቀው ከተውላጠ ስሙ ወደ ግሡ የተሻገረው የ‹ዝ› ድምፅ ነው እንጂ የግሡ መድረሻ አይደለም። እንግዲህ ፈረንሳይኛ ከሚናገረው ይልቅ አብዝቶ ይጽፋል።

የእኛ ጽሕፈት ደግሞ በተቃራኒው ከሚናገረው ያነሰ ይጽፋል። ‹ይመታል› የሚለውን እንመልከት። ‹ይ-መ-ታል› ተብሎ ላልቶ ሲነበብ ሰውዬው መቺ ነው፤ ‹ይም-መት-ታል› ተብሎ ጠብቆ ሲነበብ ግን ተመቺ ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ ሰውዬው ግን በአንዱ ንባብ በዳይ፥ በሌላው ተበዳይ ይሆናል። ስለዚህ የክስ ወረቀት የሚጽፍ ሰው ይህን ሳያስብ ቢጽፍ፥ አንባቢው ፍርዱን ሊያዛባ ይችላል።

የቀድሞ ሊቃውንት ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በንባብ ቤት የግዕዙን ቃል ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ተጣይና ሰያፍ ብለው ለይተው፥ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ያስተላልፉት ነበር። ፊደሉ ያልያዘውን ጆሮ ያዘው ማለት ነው።

በአርሲ ደጋ በጢቾ በኦሮምኛ አፉን የፈታ ልጅም ይህን ልዩነት ከእናቱ ቤት ይዞት ይመጣል። ‹ኢኒ ቢታ› እርሱ ይገዛል፥ ‹አቲ ቢታ› አንተ ትገዛለህ ማለት ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ‹ታ› ይላላል፥ በሁለተኛው ይጠብቃል። አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጕመው በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. መጻፊያ የሆነው ቁቤ ግን የሚጠብቀውን ፊደል ደግሞ ስለሚጽፍ፥ የገዢው ማንነት ከወረቀቱ ይነበባል።

በአማርኛም መንገዱ ፈጽሞ አልተዘጋም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አኑረዋል። ልማድ ሳይሆን መቅረቱ ያሳዝናል። ፈረንሳዊው ልጅ የማይነበበውን ፊደል መተው በትምህርት እንደሚለምድ፥ የእኛም ልጅ ያልተጻፈውን ማንበብ ከመምህሩ ይማር፤ መምህር በሌለበት ስፍራ ግን፥ በተለይም የሰው መብት በሚጻፍበት ወረቀት ላይ፥ አንዲት ነጥብ አትነፈግ።