ፈታኝ ሰይጣን በክርስቲያናዊ ትረካ፦ የአንባቢና የሰሚ አቀባበል

ፈታኝ ሰይጣን በክርስቲያናዊ ትረካ ማለት ርኩስ መንፈስ መልኩን እየለዋወጠ ሰውን ለማሳት ሲደክም፣ ሰውም ወይ ሲወድቅ ወይ ጸንቶ ሲቆም የሚያሳይ የድርሳን፣ የተአምርና የገድል፣ በኋለኛው ዘመን ደግሞ የልብ ወለድ ድርሰት ነው። ይህ መጣጥፍ ከድርሰቱ ይልቅ አንባቢውና ሰሚው ለድርሰቱ የሰጡትን ምላሽ ይመረምራል፤ ለምሳሌም የሐኪም ጋራ ቁልቁል የሚመለከታትን የሐረርን ከተማ ያቀርባል።

አስቀድሞ አንድ ልዩነት መጠበቅ አለበት። «ልብ ወለድ» የሚለው ስም አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ካሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ጋር በአማርኛ ጽሑፍ የታወቀ ሲሆን፣ ምእመናን ግን ድርሳኑንና ተአምሩን በዚህ ስም አይጠሩትም፤ ለእነርሱ የሆነና የተፈጸመ ነገር ነውና። ስለዚህ የምላሻቸው መነሻ የደራሲውን ጥበብ ማድነቅ ሳይሆን «እኔ ብሆንስ ኖሮ?» ብሎ ራስን መመርመር ነው።

የአፎምያ ትረካ

በሰኔ 12 ቀን በስንክሳርና በድርሳነ ሚካኤል የሚነበበው የቅድስት አፎምያ ታሪክ የዚህ ዓይነት ትረካ ዋና አብነት ነው። ባሏ አስተራኒቆስ ሊሞት ሲል በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን፣ በ21 የእመቤታችንን፣ በ29 የጌታን ልደት በዓል እንዳታስታጉል አደራ ይላታል፤ እርሷም የመልአኩን ሥዕል አሠርታ በመኝታ ቤቷ አኑራ አደራዋን ስትጠብቅ፣ ሰይጣን በምግባሯ ቀንቶ በመነኮሳይት አምሳል ይመጣና፣ ገና ወጣት ስለሆነች የንጉሡን ባለሟል እንድታገባ ያባብላታል። እንቢ ባለችው ጊዜ በቁጣ ይሄድና በበዓሉ ዕለት በመልአክ አምሳል ደምቆ ይመለሳል። አፎምያ ግን በግርማው ሳትደነግጥ፣ የንጉሥ መልእክተኛ የንጉሡን ማኅተም እንደሚይዝ ሁሉ የእርሱ የመስቀል ምልክት ወዴት እንዳለ ትጠይቀዋለች፤ ማመካኛውን ሰምታም ለሥዕሉ እንዲሰግድ ልታቀርብለት ስትነሣ መልኩ ጠቁሮ አንገቷን ያንቃታል፤ በዚህ ጊዜ ወደ ቅዱስ ሚካኤል ብትጮኽ ፈጥኖ ደርሶ ያድናታል።

የሰሚው ምላሽ ከሁሉ በላይ የሚታየው በዚህ በጥያቄው ላይ ነው። ንባቡ የሚሰማው እንደ ዛሬ መጽሐፍ ብቻውን በተቀመጠ አንባቢ ሳይሆን ጋቢና ነጠላ አጣፍቶ በቆመ ጉባኤ መካከል በመሆኑ፣ የሰይጣን ስም በተነሣ ቍጥር እጅ ሁሉ ያማትባል፤ መነኮሳይቱ የማግባትን ምክር ስትጀምር ከንፈር ይመጠጣል፤ አፎምያ መስቀሉን ስትጠይቅ ግን ጉባኤው ዕፎይ ይላል። ሰሚው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ሰይጣን ቀንድና ጅራት አብቅሎ ሳይሆን ቆብ ደፍቶ፣ ክንፍ ዘርግቶና ጥሩ ምክር ይዞ እንደሚመጣ ነው። ትረካው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥቶ ቤት ለቤት መግባቱንም የሚመሰክሩት በየክርስቲያኑ ግድግዳ የሚሰቀለው የቅዱስ ሚካኤል ሥዕልና በየወሩ በ12 የሚዘከረው የማኅበር ጽዋ ናቸው።

የበላዔ ሰብእ ክርክር

በተአምረ ማርያም የተጻፈው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ግን አንባቢን የከፈለ ነው። ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን (1382–1413 እ.ኤ.አ.) ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ተደረገ። የቅምር ሰው የሆነው እንግዳ ተቀባይ በሰይጣን ተንኰል ተታሎ የልጁን ሥጋ ቀምሶ ሰው በላ ይሆናል፤ 78 ነፍስ ከበላ በኋላ፣ በማርያም ስም ውኃ ለለመነው ጥሙ ለጸናበት ድኩም አንድ እፍኝ ይሰጣል፤ ከሞተ በኋላም ያችው እፍኝ ውኃ በነፍሱ ሚዛን ላይ ከበደሉ በልጣ ስለመዘነች ምሕረት ያገኛል። በተለይ የፕሮቴስታንት ስብከት ከተስፋፋ ወዲህ ይህን ምሕረት ርካሽ አድርጎ የሚነቅፍ አንባቢ በዝቷል፤ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ ዋጋው እንደማይጠፋበት የሚናገረውን የወንጌል ቃል (ማቴዎስ 10፥42) እየጠቀሱ ይመልሳሉ። ክርክሩ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ታሪኩ የሰማውን ሰው ዝም ብሎ እንደማይለቀው ያረጋግጣል።

ጦርነቱ ወደ ልብ ሲገባ

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የእንግሊዛዊው ጆን በንያን የመንፈሳዊ ተጓዥ ምሳሌ (1678 እ.ኤ.አ.) ወደ አማርኛ በመተርጐሙ ለአገራችን አንባቢ አዲስ መንገድ ተከፈተ። የዚህ መጽሐፍ መንፈስ ያረፈባቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን ሲያሳትሙ፣ ሰው ከገዛ ልቡ ጋር ሲነጋገር አሳዩ። በድርሳኑ በር እያንኳኳ ከውጭ ይመጣ የነበረው ፈታኝ እዚህ ከባለቤቱ ጋር አብሮ የሚያድር ሆነ፤ አንባቢውም ጎረቤቱን በቡዳነት ከመጠርጠር በፊት የራሱን ልብ እንዲጠይቅ ተገደደ።

በውጭው ዓለምም የአንባቢ ምላሽ እንዲሁ ሲለያይ ተስተውሏል። የሲ. ኤስ. ሉዊስ «የስክሩቴፕ ደብዳቤዎች»፣ አንድ ሽማግሌ ጋኔን ለወንድሙ ልጅ የማሳቻ ምክር የሚልክበት ድርሰት፣ በ1941 እ.ኤ.አ. ጋርዲያን በተባለ የቤተ ክርስቲያን ሳምንታዊ ጋዜጣ በተከታታይ ሲወጣ፣ አንድ የገጠር ቄስ ምክሩ ሰይጣናዊ ነው ብሎ የጋዜጣ ደንበኝነቱን እንዳቋረጠ ደራሲው ራሱ ተርኳል። ከ1880 እስከ 1891 እ.ኤ.አ. እየተመላለሰ በሐረር የኖረው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርቱር ራምቦም ወደ ሐረር ከመምጣቱ በፊት በ1873 ስለ ገሃነም ወራት የጻፈውን አንብቦ፣ ወጣቱ ፈረንሳዊ ደራሲ ፖል ክሎዴል የመንፈሳዊውን ዓለም ህልውና እንደተረዳበት መስክሯል፤ በ1886 እ.ኤ.አ. በልደት በዓልም ወደ ሃይማኖቱ ተመለሰ። አንዱ ቄስ መድኃኒቱን መርዝ ሲለው፣ ሌላው ወጣት የመረረውን ጽዋ ጠጥቶ ዳነበት።

በሐረር

ከሐኪም ጋራ፣ ከአው ሐኪም መቃም አጠገብ ሆኖ ቁልቁል ለሚመለከት፣ ጥንታዊው የከተማዋ ክፍል ጀጎል በግንቡ ተከቦ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ (የሙስሊም ቅዱሳን) መካናትን አቅፎ ይታያል፤ በፈረስ መጋላም መድኃኔ ዓለም ቆሟል። የሐረር ገዥ የነበሩት የልዑል ራስ መኰንን አፅም ያረፈውም በዚችው ከተማ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ድርሳኑም በሰኔ 12 በዚህ ደብር ሲነበብ አፎምያ ትታሰባለች። በሐረር የፈታኙ ስም ለሁለቱም ሃይማኖት ምእመናን አንድ ነው፤ ክርስቲያኑ ሰይጣን ሲለው ሙስሊሙ ሸይጧን ይለዋል። ክርስቲያኑ በየወሩ የሚያዘጋጀው ዝክርና ሐረሪው በአውልያ ደጅ የሚያዜመው ዚክሪም ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም ማሰብና አለመርሳት ማለት ናቸውና።

ይሁን እንጂ የእነዚህ ትረካዎች እውነተኛ ምላሽ የሚታወቀው ንባቡ ካለቀ በኋላ፣ ጉባኤው ወደ ደጀ ሰላሙ ሲወጣ፣ በቅጥሩ ሥር የተቀመጠው ነዳይ በላዔ ሰብእን የለመነው ድኩም ባሰማው በዚያው ልመና «ስለ እመብርሃን» ሲል ነው። ውኃዋን ትቀዳበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በደረቀባት ከተማ፣ ጀሪካን ተሸክሞ ወረፋ የጠበቀ ሰው፣ አንድ እፍኝ ውኃ በሚዛን ላይ ምን ያህል እንደምትከብድ ከማንም አንባቢ ይልቅ ያውቃል።