ከሰይጣን ቤት እስከ ጭሰኛው ጎጆ

እኛ በሶዶ ወረዳ በቡኢ የምንኖር የሲኒማ ወዳጆች፣ ከፊልም ሁሉ የትኛውን ትመርጣላችሁ ብንባል፣ መልሳችን ከታሪክ ይጀምራል። ሲኒማ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። በመጋረጃውም ላይ ለረጅም ጊዜ የታየው የባዕድ አገር ሰው ኑሮ ነው። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» ሲወጣ ግን ኢትዮጵያዊ በገዛ ቋንቋው ሲናገር ታየ፤ ስለዚህም እናከብረዋለን።

ከሁሉ አብልጠን የምንወደው ግን የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ ተነሥቶ በ1968 ዓ.ም. ለዓለም የታየ ሲሆን፣ በባለርስት ሥር የሚማቅቀውን የጭሰኛ ቤተ ሰብ ኑሮ ያሳያል። እርሻው፣ ከብት ጥበቃውና ዝምታው ሁሉ ሳይቸኩል ይታያል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጭሰኝነትን በሕግ ሻረ። ዛሬ የቡኢ ተማሪ «ጭሰኛ» የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ያነበዋል፤ አያቶቹ ግን በጀርባቸው ያውቁት ነበር። አዋጅ ግፍን ይሽራል እንጂ ግፉ ምን ይመስል እንደ ነበረ አያሳይም። ያን የሚያሳየው እንዲህ ያለው ሥራ ስለ ሆነ፣ አያቶቹ ሳያልፉ ፊልሙ በየትምህርት ቤቱ ሊታይ ይገባል እንላለን።